ቬጋን ሆኖ ግሉተንም ሽንኩርትም የማይነካ ጓደኛ ይዞ ውጭ መብላት

አንድ ነገር ብቻ የማይበላ ጓደኛ አያስቸግርም። ሥጋ አይበላም? ሥጋ የሌለበት ታዛላችሁ፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ሁለት ሦስት ክልከላ አንድ ሰው ላይ ሲደራረብና አንዱ የፈቀደውን ሌላው ሲከለክል ነው። ቬጋን ስለሆነ (ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር ስለማይበላ) ጥራጥሬ ይብላ እንዳትሉ ሆዱ ጥራጥሬ አይችልም። ግሉተን፣ ማለትም ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የሌለው ዳቦ ይብላ እንዳትሉ የስኳር ሕመም አለበት፤ ግሉተን የሌላቸው ዳቦዎች ብዙዎቹ ከሩዝ ዱቄትና ከስታርች ስለሚሠሩ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋሉ። የሥጋ ምትክ ይዘዝለት ስትሉ ደግሞ ሴይታን የሚባለው ምትክ ከስንዴ የወጣ ግሉተን ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ አብሮ ውጭ መብላቱን ይተዋል፣ ወይ "እዚያ ስንደርስ አንድ ነገር አይጠፋም" ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ይብሳል። ይጠፋላ!

ስለዚህ ሥራው ከቤት ሳትወጡ ነው የሚጀመረው። ብዙም አይደለም፤ ሁለት ጥያቄና አንድ ስልክ ነው።

ጥያቄ አንድ፦ ብትበላው ምን ትሆናለህ?

ጓደኛችሁ የማይበላቸውን ሲዘረዝር ሁሉም እኩል የሚመዝኑ ይመስላሉ። አይመዝኑም። አንዱ ሊገድል ይችላል፣ አንዱ አንጀት ይጎዳል፣ አንዱ ሌሊቱን ሆድ ሲነፋ ያሳድራል፣ አንዱ ደግሞ የእምነት ወይም የኅሊና ጉዳይ ነው። "ብትበላው ምን ትሆናለህ?" ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር የለውም። እንደውም አብዛኛው ሰው ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚጠይቀው "ታዲያ ምን ትበላለህ?" ብሎ ነው፣ ያውም በሚያዝን ፊት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክብደቱን የምትለዩት የቱን መጣስ እንደሚቻል ለማወቅ አይደለም። የእምነት ክልከላ አያሳምምም ብላችሁ ከሥር አታስቀምጡት፤ ለእሱ ከበሽታው ሊበልጥበት ይችላል። የምትለዩት ለየትኛው ክልከላ ኩሽናውን ምን እንደምትጠይቁ ለማወቅ ነው።

ለምሳሌ ሴሊያክ በሽታ ያለበትን ሰው እንውሰድ። ከ100 ሰው አንዱን ገደማ የሚይዝ በሽታ ነው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን ሲገባ የሰውነት መከላከያ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። የሚድንበት ክኒን የለም፤ ያለው ሕክምና ዕድሜ ልክ ግሉተን አለመብላት ነው። በአውሮፓም በአሜሪካም አንድ ምግብ "ከግሉተን ነፃ" የሚባለው በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ሲኖረው ነው። ይህን ቁጥር የምጠቅሰው መጠኑን በዓይነ ሕሊናችሁ እንድታዩት ነው። ዳቦ በተቆረጠበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ መክተፍ፣ ፓስታ በተቀቀለበት ውሃ አትክልት መቀቀል፣ በዱቄት የተለወሰ ነገር በተጠበሰበት ዘይት ድንች መጥበስ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ መጠን ሊያሳልፉ ይችላሉ። ሙቀት ግሉተንን አያጠፋም። ስለዚህ ለሴሊያክ የምትጠይቁት ምግቡ ውስጥ ምን እንደገባ ብቻ ሳይሆን ምግቡን ምን እንደነካውም ነው።

ሆዱ ሽንኩርት ለማይችል ሰው ግን የሚያስጨንቀው መጠኑ ነው። መክተፊያው ላይ የቀረ ሽታ አይጎዳውም፣ ሳህን ሙሉ ወጥ ውስጥ የገባው ሽንኩርት ግን ይጎዳዋል። ሎው ፎድማፕ የሚባለውን አመጋገብ የሚከተሉ ሰዎች እንዲህ ናቸው። አመጋገቡን ያወጡት በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሆኑ በዋናነት ሽንኩርትን፣ ነጭ ሽንኩርትን፣ ስንዴንና አብዛኛውን ጥራጥሬ ያስቀንሳል። እዚህ ጋ ደስ የሚል ነገር አለ። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው አስቸጋሪ ነገር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት ውስጥ ግን አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርቱ በዘይት ተጠብሶ ተለቅሞ ከወጣ ጣዕሙ ይቀራል፣ ችግሩ አብሮ ይወጣል። ሾርባ ውስጥ ከበሰለ ግን ተለቅሞ ቢወጣም ዋጋ የለውም፣ ፈሳሹ ውስጥ ገብቷል። ይህችን ማወቅ ብቻ ስንት ምግብ ታድናለች።

ወተትም እንዲሁ ያምታታል። ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር የማይስማማው ሰው ቅቤና የቆየ ጠንካራ አይብ ብዙ ጊዜ ይችላል፣ ላክቶሱ እዚያ ውስጥ በጣም ትንሽ ስለሆነ። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው ግን ጠላቱ ፕሮቲኑ ነው፤ "ላክቶስ የለውም" የተባለ ወተት አምጥተው ቢሰጡት ሊታመም፣ ከባሰም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሁለቱም ሰዎች ግን "ወተት አይስማማኝም" ነው የሚሉት። ለዚህ ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

ጥያቄ ሁለት፦ ያለ ሐሳብ የምትበላው ምንድን ነው?

የሚከለክለውን ዝርዝር ይዞ ምግብ ቤት መፈለግ አይሠራም። ዝርዝሩን የሰማ አስተናጋጅ ሁሉ ግራ ይጋባል። ይልቅ ጓደኛችሁን ሁለት ሦስት ምግብ ጠይቁት፤ ቤቱ ሠርቶ የሚበላው፣ በልቶትም ተመችቶት የሚያድር።

አንዲት ጓደኛዬ አለች፣ ቬጋን ናት፣ ሴሊያክ አለባት፣ ሽንኩርትና ጥራጥሬም አይስማማትም። ዝርዝሯን ስትሰሙት "አየር ነው እንዴ የምትበላው?" ያሰኛል። ግን ሩዝ ትበላለች፣ ጠንከር ያለ ቶፉ ትበላለች (ቶፉ ከአኩሪ አተር ቢሠራም ጠንካራው ዓይነት ሲሠራ ፈሳሹ ስለሚጠፋ ብዙ ጊዜ ይስማማል፣ ለስላሳው ግን አይሆንም)፣ ካሮት፣ ድንች፣ ስፒናች፣ ዝንጅብል ትበላለች። አሁን ጥያቄው ተቀየረ። "ቬጋን፣ ግሉተን አልባ፣ ሽንኩርት አልባ፣ ጥራጥሬ አልባ አላችሁ?" መባሉ ቀርቶ "ሩዝና የተጠበሰ ቶፉ በንጹሕ መጥበሻ፣ በዝንጅብልና በጨው ብቻ ልትሠሩልን ትችላላችሁ?" ሆነ። ለመጀመሪያው ጥያቄ "የለም" ይሏችኋል። ለሁለተኛው ሼፉ ትንሽ ያስብና "ይቻላል" ይላል።

ክልከላዎቹ በጣም ሲጣሉ ይህ ዘዴ ብቸኛው ነው ብል አላጋነንኩም። ስኳርም የኩላሊት ሕመምም ያለበትን ሰው አስቡት። ለስኳሩ ድፍን እህልና ጥራጥሬ ብላ ይባላል፤ ለኩላሊቱ ደግሞ እነዚያው ፖታሲየምና ፎስፎረስ አላቸው ተብሎ ሊቀነሱበት ይችላሉ። ይህን እናንተም አስተናጋጁም ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላችሁ አትፈቱትም። እሱ ከሐኪሙ ጋር ፈትቶታል፣ ምን እንደሚበላ ያውቃል። እሱን ጠይቁት። "ሰላጣ እዘዙለት፣ ሰላጣ ማንንም አይጎዳም" የሚለውንም ርሱት። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም መርጋት መከላከያ የሚወስድ ሰው ቅጠላ ቅጠል ከልማዱ ውጭ ባንዴ ቢያበዛ መድኃኒቱ ይዛባበታል።

ምግብ ቤቱን መምረጥ

"ቬጋን ነውና ቬጋን ቤት እንውሰደው" የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቬጋን ኩሽና ወተትና ሥጋ ስለሌለው የሚተማመነው በሦስት ነገር ነው፦ በስንዴ ግሉተን፣ በአኩሪ አተርና ካሹ በሚባለው የለውዝ ዓይነት። አይቡ ካሹ ነው፣ ክሬሙ ካሹ ነው፣ ኬኩ ውስጥ ለውዝ አለ። ለቬጋኑ ገነት የሆነው ቤት የለውዝ አለርጂም ላለበት ቬጋን ከተማ ውስጥ ካሉት ሁሉ አስፈሪው ሊሆን ይችላል። ግሉተን አልባ የሚባል ቤትም እንደዚያው፣ ኬኮቹን በለውዝ ዱቄትና በእንቁላል ነው የሚያቆማቸው። ስለዚህ በአንዱ ክልከላ ስም የተሰየመ ቤት ሌላውን ያሟላል ብላችሁ አትመኑ።

እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ሲታዘዝ ከባዶ የሚያበስል ኩሽና። ሜኑው አጭር ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሶሱን ራሳቸው የሚሠሩ ከሆነ ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃሉ፣ መተውም ይችላሉ። ጠዋት በትልቅ ድስት የተሠራ ሾርባ፣ ከፋብሪካ የመጣ ሶስ፣ ሌሊቱን በቅመም ታሽቶ ያደረ ሥጋ ካለ ግን የሚወጣ ነገር የለም። የተለመደው ሶያ ሶስ ውስጥ ስንዴ አለ። ዉስተርሻየር ሶስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዓሣ አለ። ሩዙ በሥጋ መረቅ ተቀቅሎ ሊሆን ይችላል። ጣፋጩ ላይ ያለው ጄሊ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ጄላቲን ነው፣ ይህ ደግሞ ቬጋኑንም ሃላል የሚበላውንም ይመለከታል። ወይን የገባበት ሶስ ቢፈላም አልኮሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ቡፌ? አይሆንም። ማንኪያው ከአንዱ ትሪ ወደ ሌላው ሲዞር ነው የሚውለው። ዳቦና ኬክ እዚያው የሚጋገርበት ቤትም ለሴሊያክ አይመከርም፣ ዱቄት አየር ላይ ቆይቶ ሌላው ምግብ ላይ ያርፋል።

ስልኩ

ደውሉ። መልእክት ከመላክ መደወል ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚመልስላችሁን ሰው ድምፅ ትሰማላችሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አትደውሉ፣ እራት ሰዓት ላይም። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ደውሉና ኩሽና ውስጥ ያለ ሰው እንዲያናግራችሁ ጠይቁ።

ከዚያ በአጭሩ፦ "ሐሙስ ማታ ሁለት ሆነን እንመጣለን። ጓደኛዬ ሴሊያክ አለባት፣ የዱቄት ብናኝ እንኳ ያሳምማታል። ከእንስሳ የሚገኝ ነገርም አትበላም። ሩዝና ቶፉ፣ ሽንኩርት ሳይገባበት፣ በታጠበ መጥበሻ ትሠሩልናላችሁ?" ክብደት ያለው መጀመሪያ ይነገራል። የሚፈለገው ምግብ መጨረሻ።

ቀጥሎ አዎ ወይም አይደለም የማይመለስበት ጥያቄ ጠይቁ። "ድንቹን የምትጠብሱበት ዘይት ሌላ ምን ይጠበስበታል?" ብላችሁ ጠይቁ እንጂ "ዘይቱ ንጹሕ ነው?" አትበሉ። ማን ነው ቆሻሻ ነው የሚል? መልሱንም አድምጡ። "ችግር የለም፣ ኑ!" ብሎ በሦስት ሰከንድ የጨረሰ ሰው አያስተማምነኝም። "ቆይ ልጠይቅና ልደውልልሽ" ያለ ሰው ያስተማምነኛል። "አንችልም" ያለውን ደግሞ አመስግኑት፣ ከልባችሁ። እውነቱን ነግሯችኋል።

ሜኑው ላይ ያሉት ምልክቶች ይበቃሉ ብላችሁ ስልኩን እንዳትተዉት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከታኅሣሥ 13 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ ቤቶች 14 የአለርጂ ምንጮችን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ሰሊጥ፣ ሰናፍጭ፣ ሴለሪ ሳይቀር ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የሉም። ባቄላና ምስርም የሉም። በአሜሪካ ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ 9 ነገሮችን ይዘረዝራል፣ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ የተጨመረው ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፣ ነገር ግን ሕጉ የታሸገ ምግብ መለያ ላይ እንጂ ምግብ ቤት ታዞ የሚሠራ ሳህን ላይ አይደለም። ያም ሆነ ይህ የጓደኛችሁ ክልከላ ግማሹ ሜኑው ላይ ምልክት ሊኖረው፣ ግማሹ ላይኖረው ይችላል ማለት ነው። ምልክቱን አይቶ ያዘዘ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያረጋገጠው።

ጠረጴዛው ላይ

የሚናገረው ጓደኛችሁ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። አስተናጋጁ ገና ሳይደርስ "ይቺ ልጅ ምንም አትበላም እኮ!" ብሎ የሚያውጅ ጓደኛ አለ፣ ባይኖር ይሻላል። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ራስህ ትነግራለህ ወይስ እኔ ልናገር? መናገር የሰለቸውም አለ፣ ሌላ ሰው ሲናገርለት የሚያፍርም አለ።

ክልከላው ከሁለት በላይ ከሆነ በቃል ተነግሮ ኩሽና አይደርስም። ትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከላይ የሚያሳምመው፣ ከሥር የማይበላው፣ ከዚያ የሚበላው። አስተናጋጁ ወረቀቷን ይዞ ይገባል፣ አብሳዩ ፊቱ ያስቀምጣታል። ጓደኛዬ አሁን በስልኳ ፎቶ ይዛው ትዞራለች፣ እኔ ግን ወረቀቱን እመርጣለሁ። ስልኩን ወደ ኩሽና አትልክም፣ ወረቀቱን ግን ትልካለች።

አለርጂ ያልሆነውን አለርጂ ነው ብሎ መናገርስ? ሰው ለምን እንደሚያደርገው ይገባኛል፣ ካላስፈራሩ የሚሰማ የለም። ግን አለርጂ ነው የተባለለት ሰው ኬክ ሲመጣ "ትንሽማ ይሁን" ሲል ያየ አስተናጋጅ ቀጣዩን እውነተኛ ታማሚ አያምንም። "አለርጂ አይደለም፣ ግን ክፉኛ ያሳምመኛል" ማለት ይበቃል።

ሳህኑ ሲመጣ ያመጣውን ሰው እንደገና ጠይቁ፣ "ይህ ግሉተን የሌለው ነው አይደል?" ብላችሁ። ያመጣው ሰው ትእዛዝ የተቀበለው ላይሆን ይችላል። ስህተት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሩዙ ላይ የዳቦ ቁራሽ ተጥሎበት ከመጣ፣ ዳቦውን አንስቶ መብላት የለም። አዲስ ሳህን ይጠየቃል። አዲሱ እስኪመጣ አሮጌው ጠረጴዛው ላይ ይቆይ፣ ካልሆነ ዳቦውን አንስተው ያንኑ ሩዝ ሊመልሱላችሁ ይችላሉ። ይህን ከሴሊያክ ሰዎች ነው የተማርኩት።

የዳቦው ቅርጫት ወደ እናንተ በኩል ይሁን። ተካፍላችሁ የምትበሉት ካለ መጀመሪያ የእሱ ድርሻ በንጹሕ ማንኪያ ይውጣ፣ ከዚያ እናንተ እንደፈለጋችሁ። ሹካችሁንም የእሱ ሳህን ውስጥ አትክተቱ፣ ምንም ያህል ብትዋደዱ።

"ትንሽ ቅመስ" አትበሉ። "ባለፈው በልተኸው ነበር እኮ"ም አትበሉ። ሎው ፎድማፕ የጀመረ ሰው መጀመሪያ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ያህል ብዙ ነገር ይተውና ከዚያ አንድ አንድ እያለ ይመልሳል፣ ስለዚህ ዝርዝሩ በየጊዜው ይቀያየራል። ቬጋኑ አንድ ቀን አይብ ቢበላም የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ጓደኛ ናችሁ እንጂ ዘበኛ አይደላችሁም።

ቤቱ ምንም የሚሠራለት ካጣስ? ቀድሞ ቤቱ በልቶ ይምጣና ሻይ ይጠጣ፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ ሳይፈሩ ለመጫወት። ያኔ "ደበረኝ፣ አንተ ሳትበላ እኔ እንዴት እበላለሁ?" እያላችሁ አታጨናንቁት። ብሉ። ብዙ ሆናችሁ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ቤቱ የሚመረጠው ክልከላው በበዛበት ሰው ነው። ሁሉን የሚበላ ሰው የትም ቢሄድ አይራብም።

ነፍስ የሚያሰጋ አለርጂ ካለ

ይህን ሳትነጋገሩ አትቀመጡ። የኤፒኔፍሪን መርፌው (ከባድ አለርጂ ሲነሳ የሚወጋው መድኃኒት) የት ኪስ ውስጥ ነው ያለው? እንዴት ነው የሚከፈተው? መርፌው የሚወጋው ጭን ላይ፣ በውጭ በኩል መሐሉ ላይ ነው፣ በልብስ ላይም ይሆናል። ትንፋሽ ሲያጥር፣ ጉሮሮ ወይም ምላስ ሲያብጥ፣ ራሱን ሊስት ሲል አትጠብቁ፣ ውጉት። የአለርጂ ክኒን የመርፌው ምትክ አይደለም። መርፌው ከተወጋ በኋላ አምቡላንስ ይጠራ፣ እሱም ይጋደም፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ፣ ግን ተነስቶ አይራመድ። "መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ" ካለ ብቻውን አትልቀቁት። ቢሻለውም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፣ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና።

ጥሩ ቤት ስታገኙ

የታዘዘውን በትክክል ጻፉት፤ ምን ተተወ፣ በምን ተተካ፣ ማን ነበር ያበሰለው። ሼፉን አመስግኑና ስሙን ጠይቁ፣ በሚቀጥለው ስትደውሉ እሱን ትጠይቃላችሁ። ግን ደውሉ፣ ቤቱ የታወቀ ቢሆንም። አብሳይ ይቀየራል፣ የሶሱ ፋብሪካ ይቀየራል፣ ባለፈው ለብቻ የነበረው መጥበሻ ዘንድሮ ዓሣ ሊጠበስበት ይችላል። ሁለተኛው ስልክ ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል፦ "ባለፈው የሠራችሁልን ሩዝና ቶፉ፣ አሁንም እንደዚያው ነው የሚሠራው? የተቀየረ ነገር አለ?"